ግልጽ ደብዳቤ ለሜይ ዴይ ንግግር አዘጋጆች፦ ደመወዙን ሰማን፣ መሬቱስ?

ይድረስ በየትኛውም አገር ላላችሁ የሠራተኛ ማኅበር መሪዎች፣ የሜይ ዴይን ንግግር ለምትጽፉ፣ መፈክር ለምትመርጡ፣ መድረክ ለምታዘጋጁ ሁሉ።

ጤና ይስጥልኝ።

ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። ብዙ የሜይ ዴይ ንግግር ሰምቻለሁ። በአካል የሰማሁት አለ፣ በስልኬ ያየሁት አለ፣ ጋዜጣ ላይ ያነበብኩት አለ። አብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። የቺካጎ ሠራተኞች በ1886 የስምንት ሰዓት ሥራ ጠየቁ፣ መስዋዕትነት ከፈሉ፣ ዛሬ እናስባቸዋለን ይባላል። ከዚያ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ሥራ ቦታ አደጋ ይወራል። ይጨበጨባል። ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ደመወዝ ትልቅ ጉዳይ ነው። ልጆቹን በደመወዝ የሚያሳድግ ሰው ይሄን ማንም እንዲነግረው አይፈልግም። ግን በየዓመቱ ሁለት ነገር ሳልሰማ እመለሳለሁ። አንደኛው፣ እነዚያ በቺካጎ የተሰቀሉት ሰዎች ምን ያምኑ እንደነበር ነው። ሁለተኛው መሬት ነው። ደመወዝ የሚባለው ነገር ከመምጣቱ በፊት በዚያ ምድር ላይ ይኖሩ የነበሩት፣ ኋላ የተነጠቁት ነባር ሕዝቦች። የሠራተኛው ትግል ከፋብሪካው በር የሚጀምር ይመስል እነሱ ሁልጊዜ ከታሪኩ ውጪ ይቀራሉ። እኔ የምለው ሰው በደመወዝ ለማደር ከመገደዱ በፊት ብዙ ጊዜ መሬቱን ተነጥቋል ነው። ቅኝ ግዛቱና ፋብሪካው በአንድ መንገድ ነው የመጡት። ሁለቱን ለያይተን ማውራት የጀመርነው እኛ ነን፤ የተነጠቁትማ ለያይተውት አያውቁም።

(ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

እስቲ ከቺካጎ እንነሳ። ሜይ 1 ቀን 1886 በመላው አሜሪካ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። ሜይ 3 ቺካጎ ውስጥ ማኮርሚክ በሚባለው የእርሻ መሣሪያ ፋብሪካ አጠገብ ፖሊስ አድመኞች ላይ ተኩሶ ሰው ገደለ። በማግስቱ ማታ ይሄን ለመቃወም ሄይማርኬት አደባባይ ስብሰባ ተጠራ። ከንቲባው ራሱ መጥቶ አዳመጠ፣ ሰላማዊ ነው ብሎ ሄደ። ዝናብ ሊመጣ ሲል አብዛኛው ሰው ተበተነ። ጥቂት መቶ ሰው ብቻ ቀርቶ ሳለ ፖሊስ በሰልፍ ደርሶ «ተበተኑ» አለ። በዚህ መሃል ቦምብ ተወረወረ። ማን እንደወረወረው እስከዛሬ አልታወቀም። ፖሊስ መተኮስ ጀመረ። ሰባት ፖሊሶች ሞቱ፤ ከተሰበሰበው ሕዝብም የሞቱ አሉ።

ስምንት ሰዎች ተከሰሱ። አብዛኞቹ ቦምቡ ሲፈነዳ አደባባዩ ላይ እንኳ አልነበሩም። የተፈረደባቸው በተናገሩትና በጻፉት ነው። ኦገስት ስፓይስ፣ አልበርት ፓርሰንስ፣ አዶልፍ ፊሸርና ጆርጅ ኤንግል ኖቬምበር 11 ቀን 1887 ተሰቀሉ። ሉዊስ ሊንግ በዋዜማው እስር ቤት ውስጥ ሞተ። ሦስቱ እስር ቤት ቆዩ፤ በ1893 የኢሊኖይ አገረ ገዥ ጆን ፒተር አልትጌልድ የፍርድ ሂደቱ ፍትሐዊ አልነበረም ብሎ በይቅርታ ለቀቃቸው።

ስምንቱም አናርኪስቶች ነበሩ። ንግግራችሁ ውስጥ የማልሰማው ቃል ይሄ ነው። ለምን እንደሚፈራ ይገባኛል። በአማርኛ «ሥርዓት አልበኛ» ብለን ነው የምንተረጉመው። በቀይ ሽብር ዘመን ደግሞ «አናርኪስት» የሚል ስም የተለጠፈበት ሰው ምን ይደርስበት እንደነበር ታላላቆቻችን ያውቁታል። ቃሉ እኛ ዘንድ የደረሰው ስድብ ሆኖ ነው። እነ ስፓይስ ግን ሥርዓት ይጥፋ አላሉም። ፋብሪካውን የሚሠሩበት ሰዎች ይምሩት፣ መሬቱን የሚያርሱት ይያዙት፣ ሰው ከጎረቤቱ ጋር ተመካክሮ ይተዳደር፣ ከላይ ሆኖ የሚያዝ ጌታ አያስፈልግም ነው ያሉት። በዚህ ልትስማሙም ላትስማሙም ትችላላችሁ። እኔም በሁሉም አልስማማም። ከመካከላቸው ስለ ዲናሚት አቅልለው የጻፉ ነበሩ፤ ያ ጽሑፍ ኋላ ችሎት ፊት ቀርቦ ገመድ ሆነባቸው። ይሄም ይነገር። ግን በየዓመቱ እያሰባችኋቸው ለምን እንደኖሩ ዝም ማለት ልክ አይደለም።

ሉሲ ፓርሰንስንም አስታውሱልኝ። የአልበርት ባለቤት ናት። በባርነት እንደተወለደች ይታመናል፤ እሷ ግን የሜክሲኮና የነባር ሕዝቦች ዘር እንዳላት ነበር የምትናገረው። ባሏ ከተሰቀለ በኋላ ከሃምሳ ዓመት በላይ ከከተማ ከተማ እየዞረች ተናገረች፣ ታሰረች፣ ተፈታች፣ እንደገና ተናገረች። በ1905 ቺካጎ ውስጥ «የዓለም ኢንዱስትሪ ሠራተኞች» የሚባለው ማኅበር ሲመሠረት እዚያው ነበረች። ይሄ አይ ደብሊው ደብሊው እየተባለ የሚጠራው ነው። የዚያ ዘመን ብዙዎቹ ማኅበራት ባለሙያ የሆነውን ነጭ ወንድ ብቻ ነበር የሚያደራጁት። ይሄኛው በሩን ከፈተው፤ ሴቱን፣ ጥቁሩን፣ እስያዊውን፣ ትናንት ከመርከብ የወረደውን ስደተኛ፣ ሙያ የለህም የተባለውን ሁሉ።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር ልንገራችሁ። ይሄ ማኅበር በተመሠረተ በዓመቱ፣ በ1906፣ ካናዳ ቫንኩቨር አጠገብ ባለው የቡራርድ ባሕር ሰርጥ የወደብ ጫኞች ቅርንጫፍ ተቋቋመ። ቁጥሩ 526 ነው። አብዛኞቹ አባላት ስኳሚሽ የተባለው ነባር ሕዝብ ልጆች ነበሩ። ቅርንጫፉን ሰዎች «ቀስትና ፍላጻ» ብለው ነበር የሚጠሩት። መርከብ ላይ የሚጭኑት ጣውላ ነበር። እስቲ አስቡት፤ ጣውላው የመጣው ከዚያው አገር ደን ነው፣ አባቶቻቸው በውል ካላስረከቡት፣ ካልሸጡት አገር። ቀን ቀን የተነጠቀውን ደን በደመወዝ እየጫኑ፣ በሌላ ጊዜ ደግሞ ስለዚያው መሬት ይሟገቱ ነበር። በዚያው በ1906 ጆ ካፒላኖ የሚባለው የስኳሚሽ አለቃ፣ ራሱም መርከብ የጫነ ሰው፣ ከሌሎች ሁለት አለቆች ጋር ለንደን ድረስ ሄዶ ለንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ የመሬት አቤቱታ አቀረበ። ቅርንጫፍ 526 ብዙ አልቆየም። ግን ለእነዚያ ሰዎች የማኅበር አባልነትና የመሬት አቤቱታ ሁለት የተለያየ ሕይወት አልነበረም። ያው ሰው፣ ያው ቀን፣ ያው ትከሻ።

አሁን ወደ ሜክሲኮ ልውሰዳችሁ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም ደብዳቤውን እንድጽፍ ያደረገኝ የሜክሲኮው ታሪክ ነው።

ሪካርዶ ፍሎሬስ ማጎን ኦሃካ ውስጥ፣ የማሳቴክ ሕዝብ በሚኖርበት ተራራማ አገር ተወለደ። በ1900 ከወንድሙ ጋር «ሬሄኔራሲዮን» የተባለ ጋዜጣ አቋቋመ። ጋዜጣው የፖርፊሪዮ ዲያስን አምባገነን መንግሥት ተቃወመ፤ ማጎንም ታሰረ፣ ወደ አሜሪካ ተሰደደ፣ እዚያም ደጋግሞ ታሰረ። ጓደኞቹ በ1906 በካናኔአ የመዳብ ማዕድን አድማ ውስጥ እጃቸው ነበረበት። እዚያ የሜክሲኮ ሠራተኞች ከአሜሪካዊው ሠራተኛ ያነሰ እየተከፈላቸው ስምንት ሰዓትና 5 ፔሶ ጠየቁ፤ የተመለሰላቸው ጥይት ነበር፣ ከአሪዞናም ድንበር ተሻግረው የመጡ ታጣቂዎች ነበሩ። ማጎን አናርኪስት ነበር። ግን አናርኪዝምን ከአውሮፓ መጽሐፍ ብቻ አልተማረውም። በጋዜጣው ላይ ደጋግሞ የጻፈው፣ የነባር ሕዝቦች መንደሮች መሬቱን፣ ውሃውንና ጫካውን በጋራ ይዘው፣ በደቦ እየሠሩ፣ ያለ ዳኛና ያለ ወታደር ለዘመናት እንደኖሩ ነው። ለእሱ ይሄ የወደፊት ሕልም አልነበረም፤ ሀብታሞቹ መሬቱን እስኪነጥቁ ድረስ የነበረ ነገር ነው። «መሬትና ነፃነት» የሚለው መፈክር በእነሱ በኩል ተሰራጭቶ ነው ኋላ ከዛፓታ ስም ጋር የተጣበቀው።

ኤሚሊያኖ ዛፓታን ታውቁታላችሁ፤ በሜክሲኮ አብዮት የገበሬዎቹ መሪ። በሞሬሎስ ግዛት የስኳር እርሻ ባለቤቶች የመንደሮችን መሬትና ውሃ ወሰዱ። በ1911 የአያላ ዕቅድ በሚባለው ሰነድ የእሱ ሰዎች የተነጠቀው መሬት ለመንደሮቹ ይመለስ አሉ። በ1914 መጨረሻ የዛፓታ ገበሬዎች ሜክሲኮ ሲቲ ገቡ። የከተማው ሰው ይዘርፉናል ብሎ ሲጠብቅ፣ እነሱ በር እያንኳኩ በትሕትና ምግብ ለመኑ። ባርኔጣቸው ላይ የጓዳሉፔ ማርያም ሥዕል ነበረ።

የዋና ከተማው ሠራተኞች ማኅበር «የዓለም ሠራተኞች ቤት» ይባላል፤ አናርኪስቶች የሚመሩት፣ ጠንካራ፣ የተማረ ማኅበር ነው። ገበሬዎቹን ሲያዩ ብዙዎቹ መሪዎች ደስ አላላቸውም። ሥዕል ይዘው የሚዞሩ፣ የቄስ ሰዎች፣ ኋላ ቀሮች መሰሏቸው። በፌብሩዋሪ 1915 በአብዮቱ የዛፓታ ተቀናቃኝ ከነበረው ከካራንሳ ወገን ጋር ውል ፈረሙ። ካራንሳ የማደራጀት ነፃነት ይሰጣቸዋል፣ እነሱ ደግሞ ወታደር ይሰጡታል። «ቀይ ሻለቆች» ተብለው ተደራጁ። ሸማኔው፣ አታሚው፣ ግንበኛው መሣሪያ ታጥቆ የዛፓታንና የአጋሩን የፓንቾ ቪላን ሠራዊት ሊወጋ ዘመተ። ሠራተኛውና ገበሬው ሆድና ጀርባ ሆኑ።

ከዚያስ? በ1916 መጀመሪያ ካራንሳ ሻለቆቹን በተናቸው። ገበሬው በጦር ሜዳ ተዳክሟል፤ ሠራተኛው አያስፈልገውም። በዚያው ዓመት ክረምት የሜክሲኮ ሲቲ ሠራተኞች ዋጋ ባጣ የወረቀት ገንዘብ አይከፈለንም ብለው ጠቅላላ አድማ መቱ። የመብራት ሠራተኞች ከተማዋን አጨለሟት። ካራንሳ ምን አደረገ መሰላችሁ? በ1862 የወጣ የሞት ቅጣት ሕግ ከመዝገብ አውጥቶ አድመኞች ላይ አዋጀው። መሪዎቹ ታሰሩ፤ አንዱ ሞት ተፈረደበት፣ ኋላ ሳይገደል ቀረ። ማኅበሩ ተዘጋ። ዛፓታ ደግሞ በኤፕሪል 1919 በተንኮል ተጠርቶ ቺናሜካ ላይ ተገደለ። እሾህን በእሾህ ማለት ይሄ ነው።

ይሄን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ያመኛል። ውሉን የፈረሙት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። ብዙዎቹ ለሠራተኛው እስር የቀመሱ ናቸው። ያጠፋቸው ንቀት ነው። በገበሬው ባርኔጣ ላይ ያለችውን ሥዕል አዩ፣ የጠየቀውን መሬት ግን አላዩም። ከመሃላቸው እንደ ዲያስ ሶቶ ኢ ጋማ ያሉ ጥቂቶች እምቢ ብለው ወደ ዛፓታ ሄደዋል፤ ስለዚህ «ዘመኑ ነው፣ ያኔ ማንም አይገባውም ነበር» ማለት አንችልም። ለገባው ገብቶታል።

ማጎን ራሱ መጨረሻው ጥሩ አልሆነም። በ1918 አሜሪካ ውስጥ በጻፈው አንድ ማኒፌስቶ ምክንያት ረጅም እስራት ተፈረደበት፤ በኖቬምበር 1922 በካንሳስ ሌቨንወርዝ እስር ቤት ሞተ። በዚያው 1918 ቺካጎ ውስጥ ወደ መቶ የሚሆኑ የአይ ደብሊው ደብሊው ሰዎች በአንድ ችሎት ተፈርዶባቸው ወደዚያው ሌቨንወርዝ ተልከዋል። ከእነሱ መካከል ብቸኛው ጥቁር ተከሳሽ ቤን ፍሌቸር ነበር፤ ፊላዴልፊያ ወደብ ላይ ጥቁርና ነጭ ጫኞችን በአንድ ማኅበር ያቀፈው ሰው። አሥር ዓመት ነው የተፈረደበት። መንግሥት የመሬቱን ሰውና የወደቡን ሰው አንድ ግቢ ውስጥ ነው ያሰራቸው። እሱ ግንኙነታቸው ገብቶት ነበር።

የማኅበር ታሪክ ሲባል ፋብሪካና ወንድ ብቻ እንዳይመስለን ደግሞ ወደ ቦሊቪያ ልሻገር። ላ ፓዝ ውስጥ በ1920ዎቹ መጨረሻ አናርኪስቶች የመሠረቱት የአካባቢ ሠራተኞች ፌዴሬሽን ነበር። ብዙዎቹ አባላት አይማራ ከተባለው ነባር ሕዝብ የተወለዱ ናቸው። የሴቶችም ፌዴሬሽን ነበራቸው፤ የገበያ ሻጮች፣ አበባ ሻጮች፣ ምግብ አብሳዮች። በ1935 የከተማው አስተዳደር ዘንቢል ይዘው፣ ሰፊ የባህል ቀሚሳቸውን ለብሰው የሚሳፈሩ ሴቶችን ከትራም ከለከለ። ምክንያቱ ዘንቢላቸው የወይዘሮዎችን ስቶኪንግ ይቀድዳል የሚል ነበር። የእነዚያን ወይዘሮዎች ምሳ የሚያበስሉት እኮ እነሱ ናቸው! ጠዋት ገበያ ወርደው፣ አትክልትና ሥጋ ገዝተው፣ ዳገቱን ወጥተው በሰዓቱ ቤት መድረስ አለባቸው። ያለ ትራም አይሆንም።

አብሳዮቹ ተሰበሰቡ፣ ሰልፍ ወጡ፣ ክልከላውን አስነሱ። በዚያው ሳይበተኑ በኦገስት 1935 የምግብ አብሳዮች ማኅበር መሠረቱ። ፔትሮኒላ ኢንፋንቴስ ከመሪዎቹ አንዷ ነበረች። የእሑድ ዕረፍት ጠየቁ። ምግብ ማብሰል ሙያ ነው ተብሎ ይታወቅልን አሉ። እኔ ይሄን ታሪክ የምወደው ለአንድ ነገር ነው። አንዲት የአይማራ ሴት ከትራም ስትወርድ የተነካው ደመወዟ ነው ወይስ ዘሯ? ወይስ ሴትነቷ? እሷ አልለየችውም። ትራሙን አስመለሰች።

ኮቻባምባንም ታስታውሳላችሁ፣ በዚያው በቦሊቪያ። በ1999 የከተማው ውሃ ለውጭ ኩባንያ ተሰጠ፣ ታሪፉ አሻቀበ፣ ሰዎች በጋራ የቆፈሩት ጉድጓድና ገበሬው የሚያጠጣበት ቦይ ሳይቀር አደጋ ላይ ወደቀ። ኦስካር ኦሊቬራ የሚባል የጫማ ፋብሪካ ሠራተኛና የፋብሪካ ሠራተኞች መሪ ከመስኖ ገበሬዎች ጋር አንድ ግንባር ፈጠረ። በኤፕሪል 2000 ውሉ ተሰረዘ። ፋብሪካው ብቻውን አያሸንፍም ነበር፤ ገበሬውም ብቻውን።

አሁን በጣም የምፈልገው ታሪክ ላይ ደረስኩ። ይሄኛው ለእናንተ በቀጥታ ነው።

በምዕራብ አውስትራሊያ ፒልባራ የሚባል በረሃማ አገር አለ። ነጭ ሰፋሪዎች መሬቱን ይዘው በግና ከብት ያረቡበት ነበር። ሥራውን የሚሠሩት የአገሬው ሰዎች፣ አቦርጂናሎቹ ናቸው። ብዙዎቹ ደመወዝ የላቸውም፤ ዱቄት፣ ስኳር፣ ሻይና ልብስ ነው የሚሰጣቸው። የአቦርጂናል ሠራተኛ ሥራውን እንዲተው ማግባባት በሕግ ያስቀጣ ነበር። በ1942 ከሃያ በላይ ቋንቋ የሚናገሩ፣ የባህላቸውን ሕግ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ስከል ስፕሪንግስ በሚባል ቦታ ተሰብስበው ለብዙ ሳምንታት መከሩ። አድማ እንምታ ተባባሉ። ግን ጦርነቱ እስኪያልቅ እንታገስ አሉ።

የአድማው ቀን ተቆረጠ። ሜይ 1 ቀን 1946። አዎ፣ ሜይ ዴይ።

ግን እንዴት ይነገር? ጣቢያ የሚባሉት የከብትና የበግ እርባታ ቦታዎች እጅግ ተራርቀዋል፣ ብዙው ሰው ማንበብና መጻፍ አይችልም፣ ስልክ የለም። ዱሊ ቢን ቢን የሚባል ሰው በእጅ የተሠሩ ካላንደሮች ይዞ፣ ከፖሊስና ከጌቶቹ ተደብቆ ከጣቢያ ጣቢያ ዞረ። በየቀኑ አንዷን ምልክት ትሰርዛለህ፣ መጨረሻው ላይ ስትደርስ ትወጣለህ። በቃ። ቀኑ ሲደርስ ወደ 800 የሚሆኑ ሰዎች በብዙ ጣቢያዎች ሥራ ትተው ወጡ። መሪዎቹ ዱሊ፣ ክላንሲ ማኬናና ነጩ ወዳጃቸው ዶን ማክሊዮድ ታሰሩ። አድመኞቹ አልተመለሱም። እያደኑ፣ ቆርቆሮ ማዕድን ከአሸዋ እያበጠሩ ኖሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1949፣ የመርከበኞች ማኅበር ከእነዚያ ጣቢያዎች የሚመጣ ሱፍ አንጭንም አለ። ብዙዎቹ አድመኞች ከዚያም በኋላ ወደ ጌቶቹ አልሄዱም፤ የራሳቸውን የጋራ ሥራ መሠረቱ።

ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በኦገስት 1966፣ በሰሜን አውስትራሊያ ዌቭ ሂል የጉሪንጂ ሕዝብ እንዲሁ ወጣ። ጣቢያው የእንግሊዞቹ የቬስቲ ቤተሰብ ነበር። ጋዜጦች የደመወዝ አድማ አሉት፣ እውነትም ደመወዝ ነበረበት። ቪንሰንት ሊንጊያሪና ሰዎቹ ግን ወደ ዋቲ ክሪክ ሄደው ሰፈሩ፣ መሬታችን ነው አሉ። ዘጠኝ ዓመት ጠበቁ። ማኅበራት ገንዘብ አዋጡላቸው፣ በየከተማው መድረክ ከፈቱላቸው። በ1975 ጠቅላይ ሚኒስትር ጎፍ ዊትላም መጥቶ በሊንጊያሪ እጅ ላይ አፈር አፈሰሰ። በዓመቱ የሰሜን ግዛት የመሬት መብት ሕግ ወጣ። የማኅበራቱ ድጋፍ የሠራው ለምን ይመስላችኋል? ጉሪንጂዎቹን «ደመወዙ ላይ ብቻ አተኩሩ» ስላላሏቸው ነው። የጠየቁትን ሰሙና አገዙ።

ይሄ ሁልጊዜ አልሆነም። በ2016 በአሜሪካ የስታንዲንግ ሮክ ሲዩ ነባር ሕዝብ የዳኮታ አክሰስ የነዳጅ ቧንቧ በሚጠጡት ውሃ ሥር አይለፍ ብሎ ሰፈር ሠርቶ ተቀመጠ። ያ ሕዝብ በ1851 እና በ1868 በፎርት ላራሚ ውል የተገባለትን መሬት በኋላ ቁራሽ ቁራሽ እየተደረገ የተወሰደበት ነው፤ የቀረውንም ለም መሬት የኦአሂ ግድብ ውሃ አጥለቅልቆበታል። በሴፕቴምበር 2016 ትልቁ የአሜሪካ የሠራተኛ ማኅበራት ኅብረት፣ ኤ ኤፍ ኤል–ሲ አይ ኦ፣ ቧንቧው ሥራ ይፈጥራልና ይቀጥል የሚል መግለጫ አወጣ። የነርሶች ማኅበርና የኮሚዩኒኬሽን ሠራተኞች ማኅበር ግን ከሲዩዎቹ ጎን ቆሙ። ቧንቧው በ2017 ሥራ ጀመረ።

ብየዳ ሠርቶ የሚያድረውን ሰው አልወቅስም። የቤት ኪራይ አለበት። የምወቅሰው ያንን መግለጫ ከመፈረሙ በፊት እዚያ የሰፈሩትን ሰዎች ቀርቦ ያልጠየቀ መሪን ነው። ከመቶ ዓመት በኋላም የቀይ ሻለቆች ስህተት ነው። «እነሱ ስለ ወንዝ ያወራሉ፣ እኛ ስለ እንጀራ» ተብሎ ታሰበ። ወንዙ የእነሱ እንጀራ እንደሆነ የነገሩ ነበሩ፤ ግን አልተሰሙም።

በሜክሲኮ ያለችውን የቺያፓስ ግዛትንም ሳልጠቅስ አላልፍም። ጃንዋሪ 1 ቀን 1994፣ የሰሜን አሜሪካ ነፃ ንግድ ውል ሥራ በጀመረበት ዕለት፣ የማያ ዘር ያላቸው ገበሬዎች የዛፓታን ስም ይዘው ሳን ክሪስቶባልንና ሌሎች ከተሞችን ያዙ። በ1992 የሜክሲኮ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ተሻሽሎ የመንደር የጋራ መሬት ለገበያ ክፍት ሆኖ ነበር። ውጊያው 12 ቀን ነው የቆየው። ከዚያ በኋላ የሠሩት ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ዘልቋል፤ የራሳቸው ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ፣ ሸንጎ፣ በየተራ የሚገለገልበት ያለ ደመወዝ የሚሠራ አመራር። በማርች 2001 ኮማንዳንታ ኤስተር የምትባል ሴት ፊቷን ሸፍና የሜክሲኮ ምክር ቤት ፊት ቆማ ስለ ነባር ሕዝቦች ሴቶች ተናገረች። እነ ስፓይስ በቺካጎ ያወሩትን የራስ አስተዳደር እነዚህ በጭቃ መንገድ ላይ በተግባር እያደረጉት ነው። ችግር የለባቸውም አልልም፤ ድህነቱም ጥቃቱም አለ። ግን ቆመዋል።

እንግዲህ የምጠይቃችሁን ልንገራችሁ።

የተሰቀሉትን ሰዎች ስማቸውን በመድረክ አንብቡ፤ አናርኪስት ነበሩ በሉ። ወጣቱ ሄዶ ይፈልገው፣ ያንብበው፣ ይከራከርበት።

ነባር ሕዝቦች ባሉበት አገር ሰልፍ ስታዘጋጁ ለመክፈቻ ጭፈራ ብቻ አትጥሯቸው። ጨፍረው ከመድረክ ሲወርዱ፣ ከዚያ ንግግሩ ሁሉ ያለ እነሱ ሲቀጥል አይቻለሁ፤ ያሳፍራል። ማይኩን ስጧቸው። የሚሉት ነገር ከእናንተ መግለጫ ጋር ባይገጥምም ስጧቸው።

ሌላው ደግሞ በእጃችሁ ያለ ነገር ነው። የዓለም ሥራ ድርጅት በ1989 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 169 ለነባር ሕዝቦች የመሬት መብት እውቅና ይሰጣል፣ እነሱን በሚነካ ጉዳይ ላይ መንግሥት እንዲያማክራቸው ያስገድዳል። ያጸደቁት አገሮች ጥቂት ናቸው። በዚያ ድርጅት ውስጥ ከመንግሥትና ከአሠሪዎች ጋር ወንበር ያላችሁ እናንተ ናችሁ። ነባር ሕዝቦች የራሳቸው ወንበር የላቸውም። ያንን ወንበር ስትቀመጡበት የማንን ጉዳይ ይዛችሁ ነው የምትገቡት? መንግሥታችሁ ስምምነቱን ካላጸደቀ ጥያቄያችሁ ውስጥ አስገቡት፤ ከደመወዙ ቀጥሎ ሳይሆን ከደመወዙ ጋር።

ማዕድን፣ ቧንቧ፣ ግድብ ወይም ትልቅ እርሻ ይሠራ የሚል መግለጫ ስትጠየቁ ደግሞ ከመፈረማችሁ በፊት ሂዱ። መሬቱ ላይ ያሉትን ሰዎች ቤታቸው ሄዳችሁ ጠይቁ። ለአባሎቻችሁም የሰማችሁትን ሳትቀንሱ ንገሩ፤ አባላት ራሳቸው ይወስኑ።

ለመጪው ሜይ ዴይ ንግግር መጻፍ ስትጀምሩ፣ ከቺካጎው አንቀጽ ቀጥሎ የሚገባ አንድ አንቀጽ ጽፌላችኋለሁ። እንዳለ ውሰዱት፦

«ሜይ 1 ቀን 1946 በፒልባራ፣ ማንበብ የማይችሉ ሰዎች በእጅ የተሠራ ካላንደር ላይ ቀን እየሰረዙ ቆይተው፣ በተነጠቀ መሬታቸው ላይ ለዱቄትና ለሻይ መሥራት አቁመው ወጡ።»

መልሳችሁን እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
በየዓመቱ ከሰልፉ ኋላ የሚቆም አንድ ሰው